አባዬን ላጉና ሴካ ላደረሳችሁልኝ ሁሉ

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከየት እንደምጀምር እንኳ ግራ ገብቶኛል።

አባዬ ያሳለፈውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልመለስበትም። ሆስፒታል ተኝቶ "ከተረፍኩ እነዚያን የድሮ መኪኖች ሲሽቀዳደሙ አሳዩኝ" ማለቱንም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይኸው ቅዳሜ አየ። ካሊፎርኒያ፣ ሞንተሬይ አጠገብ ያለው የላጉና ሴካ የመኪና መወዳደሪያ ድረስ ሄዶ በዓይኑ አየ!

የሳን ሆዜው ወንድሜ፣ ስሜን እንዳትጽፊ ብለኸኛል፤ አልጽፍም። የሠራኸውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ታክሲ ለሚነዳ ሰው ቅዳሜ ገቢ ያለበት ቀን ነው። ትተኸው መጣህ። ሳይነጋ በራችን ላይ ነበርክ። ተሽከርካሪ ወንበሩን አጥፈህ የጫንከው አንተ፣ የጆሮ መከላከያ የገዛህለት አንተ፣ "ጠዋት እዚያ ጭጋግ ነው" ብለህ ጋቢ ያስያዝከን አንተ። ያ ጋቢ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?

መንገድ ላይ ያወራህለት እስካሁን ከአፉ አልጠፋም። ውድድሩ ቀድሞ ፔብል ቢች ላይ፣ በዛፎች መሃል በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ይካሄድ እንደነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ኤርኒ ማካፊ የሚባል ተወዳዳሪ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ እንደሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት ላጉና ሴካ እንደተከፈተ። አባዬ ለማያውቀው ሰው አዘነ። "ነፍስ ይማር፤ ሌላውን አትርፎ ነው የሄደው" አለ።

ከዚያ "ኮርክስክሩን ሳላይ አልመለስም" ሲል፣ አቀበቱ ጫፍ ላይ ያለውን መታጠፊያ ማለቱ ነው፣ እኔ ፈራሁ። ያንን አቀበት በወንበር? አንተ ግን ሸሚዝህ በላብ ጀርባህ ላይ እስኪጣበቅ ገፋኸው። ከፊት ይዘው ያገዙህን ሁለት ወጣቶች እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም።

ኮርክስክሩ የውድድሩ መንገድ ስምንተኛው መታጠፊያ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ለነጂው መንገዱ አይታየውም። ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወዲያው ወደ ቀኝ፣ በ137 ሜትር ውስጥ 18 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። አባዬ ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የፈጀ ሰው ነው። መከላከያውን ካንዱ ጆሮው ገለጥ አድርጎ ማርሽ ሲቀንሱ ማዳመጥ ጀመረ። "ይሄ ዘገየ። ይሄኛው ፍሬኑን አምኖታል። ያቺን ተዋት፣ ካርቡሬተሯ አልተስተካከለም።" ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ።

የዚያች የድሮ ፖርሽ 356 ባለቤትም አሉ። አማርኛ አያነቡም፣ ቢሆንም ይጻፍልኝ። የሞተሩን ክዳን ከፍተው አባዬን በክብር ጠጋ አደረጉት። እሱማ ገና ከሩቅ "የቮልስ ዘመድ ናት" ብሏት ነበር። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር። ፒያሳ ስንቱን ቮልስ ፈትቶ ገጥሟል! ሰውየው እጁን ይዘው የቫልቩን ክዳን አስነኩት። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ፣ እድርተኞቻችን፣ የቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ለትኬቱ ያዋጣችሁ፣ ከአዲስ አበባ እየደወላችሁ "እንዴት አደረ?" ያላችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ድፎ ዳቦውን የጋገሩልን እትዬም እጃቸው ይባረክ፤ ፍርፋሪ አልተረፈም።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ስንመለስ አባዬ እንቅልፍ ሲወስደው ሬዲዮውን ዘግተህ፣ መኪናውን አዝግመህ ነዳህ። ማንም አላለህም። እኔ ከኋላ ሆኜ አይቼሃለሁ። ቤት ስንደርስ "ልጄ" ብሎ የጠራህ አባዬ ያንን ቃል ለማንም ዝም ብሎ አይሰጥም።

ስማችሁን ያልጠራሁ፣ አደራ እንዳትቀየሙኝ። አባዬ እያንዳንዳችሁን በጸሎቱ ይጠራችኋል። መጪው ነሐሴ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ከዚያው ኮርክስክር ላይ እንገናኝ ብሏል።

ልጁ