ጥቁሩ ጉድጓድ ጋላክሲያችንን አይበላም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ከስበቱ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሰማይ አካል፣ ጋላክሲያችንን ይበላል ብላችሁ ያወጣችሁትን ገጽ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ አምጥታ፣ «ቲቸር፣ እኛንም ይውጠናል?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው።

በጋላክሲያችን በፍኖተ ሐሊብ መሀል ያለው ጥቁር ጉድጓድ የ4 ሚሊዮን ገደማ ፀሐይ ክብደት አለው፤ ከእኛ የሚርቀው ግን 27 ሺህ ገደማ የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት) ነውና አይውጠንም። ፀሐይ ራሷ ዛሬ በክብደቷ ልክ ባለ ጥቁር ጉድጓድ ብትተካ፣ መሬት በብርድ ትደርቃለች እንጂ ከምሕዋሯ አትወጣም።

ይበልጥ የቆጨኝ ግን ሳትጽፉት የቀራችሁት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች ለየብቻቸው አንድ ነገር ላይ ደረሱ፦ በየጋላክሲው መሀል አብጦ በሚታየው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ከዋክብቱ በፈጠኑ ቁጥር ጉድጓዱም ከባድ ሆኖ ይገኛል። አብዛኞቹ ከዋክብት እኮ የጉድጓዱ ስበት ከቁጥር የማይገባበት ርቀት ላይ ናቸው! እንዴት ተዋወቁ? አብረው ስላደጉ ሳይሆን አይቀርም።

ልጅቷ የምትታለብ ላም ካለበት ቤት ስለሆነች በወተት አስረዳኋት። ከሰል ላይ የተጣደ ወተት ፈልቶ ሲገነፍል፣ ያፈላውን እሳት ራሱ ያጠፋዋል። ጋዝም ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ እየተፋተገ እጅግ ይግላል፤ ከዚያ የሚወጣው ጨረርና ነፋስ የቀረውን ጋዝ ያሞቀዋል፣ ይገፋዋል። ኮከብ የሚወለደው ከቀዘቀዘ ጋዝ ነውና የከዋክብት መወለድ ይቀንሳል፤ ጉድጓዱም ቀለቡ ይቋረጥበታል። ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ምስሉ ይፋ የሆነው ኤም 87 የተባለው ሌላ ጋላክሲ ጉድጓድ፣ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው፣ ዛሬም በሺዎች የብርሃን ዓመት የሚረዝም ፍንጣቂ እየረጨ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ያሞቃል።

«ታዲያ የትኛው ቀደመ፣ ጉድጓዱ ወይስ ጋላክሲው?» አለችኝ። አርባ ተማሪ ፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። መልሱ ገና አልተቋጨም። ጄምስ ዌብ የተባለው የሕዋ ቴሌስኮፕ ከጥንታዊው ሕዋ ለጋላክሲያቸው ከልክ በላይ የከበዱ የሚመስሉ ጉድጓዶችን እያሳየን ነው፤ ምናልባት እነሱ ቀድመው ጎልብተው ይሆናል።

እንጦጦ ላይ ጋላክሲዎችን የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉን። እባካችሁ እነሱን ጠይቁና እርማቱን እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ደብረ ብርሃን