ለውሃ የመጡ ንቦች

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጓደኛዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? እናትሽስ ወገባቸውን ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የልጅሽ ክርስትና ላይ ሳልመጣ ቀረሁ፣ «ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ» ስል ከረምኩ፣ ከዚያ ኀፍረቱ ራሱ አፌን ያዘኝ። ይቅር በዪኝ።

ብዕር ያስያዙኝ ንቦች ናቸው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ባለቤቴ ጓሮ ውስጥ ኩሬ ቆፈረ። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ውስጡ ጂኦሜምብሬን የሚሉት ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎበታል። የትንኝ እጭ ይበሉልናል ብሎ ቆሮሶ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ጨመረበት። ደስ ብሎን ሳናበቃ መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ንብ መጣ። መጀመሪያ አምስት ስድስት ነበሩ፤ በሳምንቱ ዳር ዳሩን ወረሩት። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ በሳህን ባስቀምጥላቸው ዞር ብለውም አላዩት። የሚወዱት አረንጓዴ የያዘውን፣ ሽታ ያለውን ነው። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ በባዶ እግሩ አንዷን ረገጠ። እሾኋን ወዲያው በጥፍሬ ጫር አድርጌ አወጣሁለት፤ ከቆየ መርዙን መግፋቱን አይተውም። ልጁ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው።

ጎረቤቴ «ፍሊት ንፊበት» አለችኝ። ጣሳውን አንስቼም ነበር። ያኔ አባትሽ ትዝ አሉኝ። ለፋሲካ ዳንግላ ስንሄድ በገበቴ ውሃ አስቀምጠው ላዩ ላይ ጭራሮ ጣል ሲያደርጉ፣ ምን ይሠራል ብንላቸው «ንብ ዋና አታውቅም» ያሉንን ረሳሽው? ለካ በበጋ ውሃውን የሚያመላልሱት ለመጠጥ ብቻ አይደለም። ሰፈፉ ላይ ነስንሰው በክንፋቸው እያራገቡ ቀፎውን ያቀዘቅዙበታል፤ ልጆቻቸው 35 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ አይሆንላቸውም።

ጣሳውን አስቀምጬ ትልቅ ትሪ ላይ ጠጠር ደረደርኩ፤ አናቱ ደረቅ እንዲሆን፣ እንዲቆሙበት። የሞላሁትም ከዚያው ከኩሬው ቀድቼ ነው፣ ሽታውን እንዲያውቁት። መጀመሪያ ኩሬው ጠርዝ ላይ አኖርኩት፣ ከዚያ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት እርምጃ እያራቅሁ እስከ አጥሩ አደረስኩት። ተከትለውት ሄዱ! ግን እህቴ ጋ ሁለት ቀን አድሬ ስመለስ ትሪው ደርቆ፣ ሁሉም ኩሬው ላይ ተመልሰዋል። እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ከዚያ ኩሬውን እንሸፍነው ተባለ። ባለቤቴ አሮጌ አጎበር ይዞ ሲመጣ ጮህኩበት። አጎበሩ የተነከረበት መድኃኒት ዓሣውን ይጨርስልን ነበር እኮ! በምትኩ ችግኝ የሚያጠሉበትን መረብ ገዝተን ወጠርንበት።

የተርቡ ነገር ሌላ ነው። ወገበ ቀጭኑ ከኩሬው ዳር ጭቃ እያድቦለቦለ ግድግዳው ላይ ቤት ይሠራል፣ ሸረሪት ይከትበታል፤ ሰው ብዙም ስለማይነካ ተውነው። ቢጫዎቹ ግን ውሃው ሰበብ ሆኗቸው እንጂ የመጡት ለወደቀው ማንጎ ነው። ጠዋት ጠዋት መልቀም ስንጀምር ቀነሱ። ኮርኒሱ ሥር ያለውን ጎጇቸውን ግን እስካሁን የደፈረው የለም። ተርብ እንደ ንብ አንዴ ነድፎ አይሞትማ፣ ይደጋግምሻል።

አሁን ደግሞ ባለቤቴ «ውሃውን ከጠጡ ማሩንም እዚሁ ያድርጉት፣ ቀፎ እንስቀል» እያለ ነው። እኔ ለልጆቹ ፈራሁ። ግቢው ይበቃ እንደሆነ አባትሽን ልጠይቃቸው ብዬ ስልካቸውን ባስስ የለኝም። ላኪልኝ። ወይም ራስሽ ደውዪና ቀድመሽ ስደቢኝ፤ ቁጥሬ ያው ነው።

ያንቺው