ስልክ ስትቀይሩ የድሮ ቴክስቶቻችሁስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ከአሮጌው ምን ምን ማዛወር እንዳለበት ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ፎቶው ተነግሯል፣ ኮንታክቱ ተነግሯል፣ የኢሜይል አካውንቱም ተነግሯል፣ ስለ ቴክስት ሚሴጅ ግን አንድ መስመር እንኳን አጣሁ፣ ሰው በጣም የሚጎዳው ደሞ እዚህ ጋር ነው። ፎቶ ቢጠፋ ከወዳጅ ዘመድ ስልክ ይገኛል፣ ቁጥርም ቀስ እያለ ይሰበሰባል፣ ቴክስት ግን ከላኪውና ከተቀባዩ ስልክ ውጪ የትም የለም፣ የላከው ሰው አጥፍቶት ከሆነ ወይ በህይወት ከሌለ አለቀ። ኔትወርክ የሚሰጠው ድርጅት ጋር ይኖራል የሚሉ አሉ፣ የድርጅቱ ሰርቨር ስራው ግን ሚሴጁን ተቀብሎ ማድረስ ነው እንጂ ለኛ መዝገብ አርጎ ማቆየት አይደለም።

ቴክስት ውስጥ ምን አለ ብትሉ ብዙ ነገር አለ። አከራይ "እስከ ወሩ መጨረሻ ችግር የለም" ያለው፣ የተበደረ ሰው "ደርሶኛል አመሰግናለሁ" ብሎ የጻፈው፣ የባንክ ማሳወቂያ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ክርክር ሲነሳ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ከነቁጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ስክሪንሾት ቢኖርም እኮ ስልኩ ላይ ያለውን ዋናውን ያህል አያሳምንም። ከዛ ደሞ የሞተች እናት የጻፈችው አለ። በኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ቴክስት የሚይዘው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን 160 ይገባል፣ ስለዚህ ድሮ በአማርኛ የጻፈልን ሰው ቃል መርጦ አሳጥሮ ነው የጻፈልን፣ እንዲህ ያለ ጽሁፍ በአንድ ሪሴት (ስልኩን እንደ አዲስ በማጽዳት) ሲጠፋ ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲም ካርዱ ላይ ነው። ሲሙን አውጥቼ አዲሱ ስልክ ላይ ስከተው ሁሉም አብሮ ይመጣል ይላል። ባለ ቁልፎቹ ስልኮች ጊዜ ሲም ላይ ጥቂት ሚሴጅ ይቀመጥ ነበር፣ አሁን ባሉት ስልኮች ግን ቴክስቱ ያለው ስልኩ ሚሞሪ ውስጥ ነው፣ አንድሮይድ ላይ ሁሉም ታጭቆ የሚቀመጥበት አንድ ዳታቤዝ ፋይል አለ፣ እሱ ደሞ ሲስተሙ የቆለፈው ቦታ ላይ ስለሆነ በተራ ፋይል ማኔጀር አይታይም፣ ስልኩን በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ የሚታየውን ፎልደር በሙሉ ብትገለብጡ እንኳን እሱ አይገለበጥም። ሚሞሪ ካርድ ነቅሎ መክተትም እንደዛው። ሁሉንም ኮፒ አርጌያለሁ ብሎ ተረጋግቶ አሮጌውን የሚያጸዳ ሰው ቴክስቱን የሚያጣው በዚህ ነው።

ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ ከሆነ በጣም ቀላሉ አዲሱን ስልክ መጀመሪያ ስትከፍቱት ከአሮጌው ጋር በኬብል ወይ በዋይፋይ አገናኝቶ ሚሴጅ የሚለውንም መርጦ ማሻገር ነው፣ ሳምሰንግ ለገዛ ደሞ ስማርት ስዊች የሚባለው አፕ አለ፣ እሱ ከሌላ ብራንድም ይቀበላል። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለው ጋር ገብታችሁ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ካበራችሁም ኤስኤምኤስ፣ ማለትም ተራው ቴክስት፣ አብሮ ይቀመጣል፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ፣ አንደኛ ያ ባክአፕ የሚመለሰው አዲሱ ስልክ ገና ሲጀመር ነው፣ ሴታፑን (ያንን የመጀመሪያ ማስተካከያ) ዘላችሁ ካለፋችሁት በኋላ አምጣ ብትሉት ብዙ ስልክ ላይ አያመጣም፣ ሁለተኛ አሮጌው ስልክ ለ57 ቀን ሳትጠቀሙበት ከቆየ ባክአፑ ሊሰረዝ ይችላል። አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ ባክአፕ አለኝ ብሎ የሚተማመን ሰው ይሄን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሴታፑ ያለፈው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ። ኤስኤምኤስ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር የሚባል አፕ አለ፣ አሮጌው ስልክ ላይ ሁሉንም ቴክስት አንድ ኤክስኤምኤል ፋይል ያደርገዋል፣ ፋይሉን በጉግል ድራይቭ ወይ በኬብል ወደ አዲሱ ወስዶ እዛ ላይ ሪስቶር (መልስ) ማለት ነው፣ ቀኑም ሰዓቱም እንዳለ ይመለሳል። ሪስቶር ስትሉ "ዲፎልት የሚሴጅ አፕ ልሁን"፣ ማለትም ዋናው የቴክስት አፕ ልሁን፣ ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው እዚህ ጋር ይፈራና ያቋርጣል። ከአንድሮይድ 4.4 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ዲፎልት ያልሆነ አፕ ሚሴጅ ዳታቤዙ ላይ መጻፍ አይፈቀድለትም፣ ለዛ ነው የሚጠይቀው። ፍቀዱለት፣ ሲጨርስ ግን ወደነበረው አፕ መልሱት፣ ይሄን አትርሱ።

ወደ አይፎን የሚሄድ ሰው አሮጌው አንድሮይድ ላይ ሙቭ ቱ አይኦኤስ የሚለውን አውርዶ አይፎኑ ገና ሲጀመር ያገናኘዋል፣ ሚሴጅ የሚለውን መምረጥ ነው። ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የሚመጣም በኬብል ይችላል፣ እሱ ግን ሲሙን ከማውጣቱ በፊት አይሜሴጅን (አይፎኖች እርስ በርስ በኢንተርኔት የሚላላኩበትን) ያጥፋ፣ ካልሆነ አይፎን ያላቸው ወዳጆቹ የሚልኩለት ወደ አሮጌው መንገድ እየሄደ እሱ ጋር ላይደርስ ይችላል። አይፎን በአይፎን የሚቀይሩት ቀሎላቸዋል፣ ግን ሚሴጅን አይክላውድ (የአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ) ላይ ካበሩት ያ ሲንክ (ስልኮቹን አንድ አይነት የሚያደርግ) ስለሆነ አንዱ ስልክ ላይ ያጠፉት ከሌላውም ይጠፋል፣ አሮጌው ላይ ቦታ ላስለቅቅ ብለው ሚሴጅ መሰረዝ እንዳይጀምሩ። ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ አያሳስብም፣ ሴክሬት ቻቱ ብቻ ነው ከስልኩ ጋር የሚቀረው። ዋትሳፕ የራሱ ማዛወሪያ አለው።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ቴክስት እናዛውራለን የሚሉ ማንነታቸው የማይታወቅ አፖች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁት ቴክስት የማንበብ ፈቃድ ነው፣ የባንክና የአካውንት ኮድ የሚመጣው ደሞ በዛው ነው። ስለዚህ የማታውቁትን አፕ አትጫኑ፣ የምታውቁትንም ስትጨርሱ ፈቃዱን አንሱት ወይ አጥፉት። ከሪሴት በኋላ የጠፋውን እናመጣለን የሚሉትንም ገንዘብ አትስጧቸው፣ አሁን ያሉት ስልኮች ዳታቸው ኢንክሪፕት የተደረገ (በሚስጥር ቁልፍ የተቆለፈ) ስለሆነ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉ አብሮ ይጠፋል፣ ያለ ቁልፉ ደሞ የሚነበብ ነገር አይገኝም።

የመጀመሪያው ቴክስት የተላከው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1992 ነው፣ ከ30 አመት በላይ ሆኖታል፣ እስካሁን ግን ከስልኩ ጋር የሚመጣው የሚሴጅ አፕ ላይ "ሁሉንም በፋይል አውጣልኝ" የሚል ግልጽ ቁልፍ ማግኘት ከባድ ነው፣ ይሄ ልክ አይመስለኝም። ጽሁፉ የኛ ነው፣ ማውጣቱም ቀላል ሊሆንልን ይገባል። ስልክ የሚጠግኑና የሚያዛውሩ ወንድሞችና እህቶቼንም እለምናለሁ፣ ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት "ቴክስቱስ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉትን፣ እነሱ እንደሚጠፋ አያውቁም፣ ሳይነገራቸውም አይጠይቁም።

እናንተም በዚህ ጉዳይ ሌላ ጽሁፍ ብታወጡ፣ ስታወጡም ማረጋገጫውን ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል። ተዛውሯል ስላለ ብቻ አይታመንም፣ አዲሱ ስልክ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ያላችሁን በጣም የድሮውን ሚሴጅ ወደላይ ወጥታችሁ ፈልጉ፣ ፎቶ ያለበትን አንድ ክፈቱ፣ የግሩፑንም እዩ። አርሲኤስ የሚባሉት በኢንተርኔት የሚሄዱት ቻቶች ከተራው ኤስኤምኤስ ጋር ተደባልቀው ቢታዩም አይነታቸው ሌላ ስለሆነ መጥተው እንደሆነ ለብቻ ተመልከቱ። ይሄ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው አሮጌው ስልክ የሚጸዳው፣ የሚቻል ከሆነም ጥቂት ሳምንት ሳይነካ ይቀመጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ