ባክቴሪያ ታዛዥ ተላላኪ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የአንጀት ባክቴሪያዎችን መድኃኒት እንዲያደርሱ ስለማድረግ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ጸሐፊው ግን ባክቴሪያውን «ታዛዥ መልእክተኛ» ብለው «ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ሲሉ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ረቂቅ ተሕዋስያንን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እስካሁን አንድም ታዛዥ ባክቴሪያ አላጋጠመኝም።

መነሻው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የሰው ኢንሱሊን ከባክቴሪያ ተመርቶ ለሕክምና ከተፈቀደ ወዲህ በፋብሪካ ጋኖች ውስጥ ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ለስኳር ሕሙማን ሲሠራ ኖሯል። ኢንሱሊን ቢዋጥ ግን ሆድ እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል፤ ለዚህ ነው በመርፌ የሚሰጠው። አዲሱ ሐሳብ ፋብሪካውን ራሱን ወደ አንጀት ማስገባት ነው፤ መድኃኒቱ ሕመሙ ባለበት ቦታ ይመረት፣ በደም ዞሮ ጤነኛውን አካል አይንካ ነው ነገሩ።

በየዓመቱ ተማሪዎቼን የማሠራቸው አንድ ሙከራ አለ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚያመርት ዘረመል ወደ ኢ ኮላይ እናስገባለን። ዘረመሉ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ይጫናል፤ ቀለበቱ ባክቴሪያው አንቲባዮቲክን እንዲቋቋም የሚያስችል ዘረመልም ይዟል። አንቲባዮቲክ ባለበት ሳህን ላይ የበቀሉት የባክቴሪያ ነጠብጣቦች ሁሉ ያበራሉ፤ ተማሪዎቹም ስልካቸውን አውጥተው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ከዚያ ባክቴሪያውን አንቲባዮቲክ ወደሌለው ፈሳሽ አዛውረን፣ በየጠዋቱ ከእሱ ጠብታ እየወሰድን አዲስ ፈሳሽ ውስጥ እየጨመርን ጥቂት ቀናት እናቆየዋለን። መልሰን አንቲባዮቲክ በሌለው ሳህን ላይ ስንዘራው ከሚያበሩት መካከል ምንም ብርሃን የሌላቸው ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ። «ተበላሸብን» ይሉኛል ተማሪዎቹ። አልተበላሸም። አንቲባዮቲክ ከሌለ ቀለበቱ አያስፈልገውም፤ የሚያበራው ጉልበቱን ለእኛ ፕሮቲን ሲያፈስ፣ ቀለበቱን የጣለው ለራሱ ይራባል። ኢ ኮላይ ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ ሥራ ፈቱ ሠራተኛውን ለመብለጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

አንጀት ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ዘረመሉን በቀለበት ፈንታ በዋናው ክሮሞሶም ላይ መትከል ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 በታተመ ጥናት የኩላሊት ጠጠር የሚያመጣውን ኦክሳሌት እንዲያፈርስ የተለወጠ ባክቴሪያ ለሰዎች ተሰጥቶ ነበር። እንዲቆይ የሚቀለበው ከባሕር አረም በሚገኝ ፖርፊራን በሚባል ስኳር ነው፤ ቀለቡ ሲቋረጥ ይጠፋል ተብሎ ታሰበ። በአንዳንዶቹ ግን ቀለቡ ተቋርጦም ባክቴሪያው አልወጣም፤ ኦክሳሌት ማፍረሱን የተዉም ተገኙ።

እንግዲህ ክኒን ተውጦ ያልቃል፤ ይህኛው ይራባል። ስለዚህ ከማስገባቱ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ማስወጣቱ ነው። ከሁሉ የማደንቀው የቤልጂየም ተመራማሪዎችን ዘዴ ነው። ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለውን ባክቴሪያ የአንጀት ቁጣን የሚያበርድ ኢንተርሉኪን 10 የተባለ ፕሮቲን እንዲያመርት አደረጉት። ዘረመሉን የተከሉት ግን ባዶ ቦታ ላይ አልነበረም፤ ባክቴሪያው ያለ እሱ መኖር የማይችለውን ታይሚዲን የሚያዘጋጅለትን ዘረመል ነቅለው በእሱ ቦታ ነው። ታይሚዲን ካላገኘ ይሞታል። የተነቀለበትን ከሌላ ባክቴሪያ ተውሶ ወደ ቦታው ልመልስ ቢል ደግሞ የመድኃኒቱ ዘረመል ተፈንቅሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመው የመጀመሪያ ሙከራ ክሮንስ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸው 10 ሰዎች ወሰዱት፤ ተስፋም ታየ። በኋላ በሌላ የአንጀት ቁጣ ሕመም ላይ በሰፊው ሲሞከር ግን ከባዶ ክኒን አልበለጠም። ጽሑፋችሁ በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ የታየውን ድል አንቆ ይዞ ይህን ዘለለው።

«ጠቃሚ ባክቴሪያ» የሚለው ስምም ቢሆን በጥንቃቄ ይነገር። በዚህ ዘርፍ በብዛት የሚሠራበት ኢ ኮላይ ኒስል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ አንድ ወታደር ደህና ሆኖ በመገኘቱ ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስል ከእሱ ለይተው አወጡት። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲወስደው ቆይቷል። ሆኖም ዲኤንኤን የሚጎዳ ኮሊባክቲን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመርት ዘረመል እንደያዘ ዛሬ እናውቃለን። ሲንሎጂክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህንኑ ባክቴሪያ ፌኒልኬቶኑሪያ ለተባለው በዘር የሚወረስ ሕመም ሕሙማን፣ ሰውነታቸው ማፍረስ የሚያቅተውን ፌኒልአላኒን የተባለ የፕሮቲን ክፍል እንዲያፈርስ አድርጎት እስከ 3ኛው ምዕራፍ የሰው ሙከራ አደረሰው፤ የታሰበው ውጤት እንደማይገኝ ሲታይ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 አቋረጠው። ይህን የምለው ዘርፉን ለማጥላላት አይደለም። ተማሪዎቼ ነገ እንዲሠሩበት የምመኘው ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዴ ጋዜጣችሁን ጠቅልሎ ይዞ መጣ። በሌላኛው እጁ ከመድኃኒት ቤት የገዛው የፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ሕያው ባክቴሪያ የያዘ፣ እንክብል ነበር። ለዓመታት ኢንሱሊን ሲወጋ የኖረ ሰው ነው። «ይኸው ባክቴሪያው፤ መርፌውን ልተወው?» አለኝ። በእንክብሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ዘረመሉ እንዳልተለወጠና ኢንሱሊን እንደማያመርት ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ማመኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በሚቀጥለው ዕትማችሁ እርማት እንድታወጡ የምለምነው ለእሱ ብዬ ነው። እኔን ባያምን ጋዜጣውን ያምናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የረቂቅ ተሕዋስያን መምህር