ለሙከራም ሰዓት ይመደብ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጅማ ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) እየታገዙ አፕ መሥራትን ለማሠልጠን ለሚያስቡ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለን፤ ከሥልጠናው ሰዓት ግማሹን ለሙከራ፣ ማለትም የተሠራው አፕ ልክ መሆኑን ለመፈተሽ፣ ስጡት። እንደ ከርሰርና ክሎድ ኮድ ያሉ መሣሪያዎች የታዘዙትን ቅጽ በደቂቃዎች ውስጥ ስክሪን ላይ ያወጣሉ። ቅጹ ማማሩ ግን ሒሳቡ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ለከተማችን የሚስማማው መለማመጃ የቡና መረከቢያ መዝገብ ነው፦ የአቅራቢ ስም፣ ኪሎ፣ የኪሎ ዋጋ፣ የተከፈለ፣ ቀሪ፣ ቀን። ሌላ አይጨመርበት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይጻፍ። መሣሪያውም ኮድ ከመጻፉ በፊት ዕቅዱን እንዲያሳይ ይታዘዝ። ከዚያ አንድ አንድ ነገር ብቻ እየተጠየቀ፣ የሠራው ሁሉ ወዲያው የኮድ ቅጂዎችን በየደረጃው በሚያስቀምጠው ፕሮግራም በጊት ይቀመጥ። ስህተት ሁለቴ ታርሞ ካልተስተካከለ ከመሣሪያው ጋር ክርክሩን መቀጠል ኮዱን ማበላሸት ነው። ወደመጨረሻው ደህና ቅጂ ተመልሶ፣ የስህተቱን መልእክት እንዳለ ይዞ፣ አዲስ ውይይት መክፈት ይሻላል።

ብር እንደ 25.50 ባለ የነጥብ ቁጥር አይያዝ። የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል። ገንዘብ በሳንቲም፣ ክብደት በግራም፣ ሁለቱም በሙሉ ቁጥር ይቀመጡ፤ 25 ብር ከ50 ማለት 2550 ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑም በትእዛዙ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ዋናው መሰናክል የእኛን ቀን ወደ ፈረንጆቹ መቀየር ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲገባ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መውጣት አለበት፤ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ የሚወስድ ኮድ በእንዲህ ያለው ዓመት እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ስምም እንዲሁ ነው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ከመዘገበ ያንድ ሰው ሒሳብ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀሪውም አይገኝም። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ፣ ሰ እና ሠ፣ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ፣ ጸ እና ፀ ሲፈለጉ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ የሚታየው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቆይ። ይህን መሣሪያው ካልተነገረው በራሱ ላያስበው ይችላል።

አማርኛ ከእንግሊዝኛ የበለጠ ቶክን (ኤአይ ጽሑፍን የሚከፋፍልበትና የሚቆጥርበት ቁራጭ) ስለሚፈጅ ነጻው ኮታ ቶሎ ያልቃል፤ ትእዛዙ አጭር ይሁን። እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግሉ ሚስጥራዊ ቁልፎች በብራውዘር በሚሠራ ኮድም ሆነ ኮድ በኢንተርኔት በሚቀመጥበት በጊትሀብ ለሁሉ ክፍት በሆነ ቦታ ላይ አይቀመጡ። የሚያስፈልጉት የፕሮግራም ጥቅሎች በዋዜማው ወርደው በፍላሽ ይዘጋጁ፤ ላፕቶፖቹም ቻርጅ ይደረጉ። ኔትወርክ ሲቋረጥ መሣሪያው ቢቆምም እነዚህን ሙከራዎች ማካሄድ ይቻላልና፣ አሠልጣኙ የሙከራ ዝርዝሩን አትሞ ይምጣ።

የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ ከጅማ