ጥቃት ሲደርስ የፖሊስን ድጋፍ ስለማግኘት

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 መሠረት የሚያስቀጣ ወንጀል እንጂ በሽምግልና ተሸፋፍኖ የሚቀር የቤት ገመና ባለመሆኑ፣ ጥቃት የደረሰባት አባል በአቅራቢያዋ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተል መርማሪ፣ ከተቻለም ለሴት ፖሊስ፣ ለመስጠት መጠየቅ ትችላለች። ፖሊስ ለሐኪም የሚጽፈው ደብዳቤ የጉዳት ማስረጃ ለማግኘት ያገለግላል፤ ሆኖም ጥቃቱ አስገድዶ መድፈር ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ቢቻል ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ደብዳቤ ሳይጠበቅ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መሄድ ይቀድማል። የለበሰችውን ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ፤ ፌስታል ማስረጃውን ያበላሻል። ሽማግሌዎቻችንም፣ ይህን የምንለው በአክብሮት ነው፣ «ክሱን ተዪው» ብለው ከመጫን እንዲታቀቡ እንጠይቃለን። ብቻዋን መሄድ ለከበዳት አባል አብሯት የሚሄድ ሰው እድሩ ይመድባል፤ ስሟም በስብሰባ አይነሳም።

የእድሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ጎንደር