የዘንድሮውን የጥምቀት የቤተሰብ ጉዞ ይመለከታል

ውድ አባላት፣ በየዓመቱ ከልጆቻችን ጋር ስለምናደርገው የጥምቀት ጉዞ ለማሳወቅና ሐሳባችሁን ለመጠየቅ ይህን መልእክት ልከናል።

ጥር 10 የከተራ ዕለት ከቀኑ 7 ሰዓት ጎንደር ከተማ በሚገኘው ጃንተከል ዋርካ ሥር ተገናኝተን፣ ታቦታቱን አጅበን በእግር ወደ ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሕፃን ጋሪ ስለማያልፍ ሕፃናትን በአንቀልባ ማዘል ይሻላል። ውኃ፣ ዳቦና ለምሽቱ ብርድ ጋቢ ያዙ፤ ስልክ ቁጥራችሁን በልጆቹ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍም እባካችሁ አይዘንጋ።

ጥር 11 ጠዋት ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶች ከቀሃ ወንዝ በመጣ ውኃ ወደተሞላው መዋኛ ስለሚዘልሉ ግፊያው ይበረታል። በመሆኑም ከዳሩ ርቀን፣ ሥሮቻቸው የአጥሩን ድንጋይ አቅፈው ከያዙት ትልልቅ ዛፎች አጠገብ እንድንቆም እንመክራለን፤ ልጆቻችን እነዚያን ሥሮች በእጃቸው ዳስሰው ቢያዩ ደስ ይለናል።

የሚቀረው ውሳኔ ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤልን ታቦት ከሸኘን በኋላ ምሳውን በጋራ እንብላ ወይስ በየቤታችን የሚለው ነው። ምርጫችሁንና የምትመጡትን የአዋቂዎችና የልጆች ቁጥር እስከ ጥር 5 ድረስ እዚሁ እንድትጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አስተባባሪዎቹ